«ይገብርለት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ

ሥራዬ ለታሪክ መጻሕፍት ካርታ መሳል ነው። ደራሲው ጽሑፉን ይልክልኛል፤ እኔ ድንበር አሰምራለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ራሴን የሚያዞረው ግን የድንበሩ መስመር አይደለም። «ይህ ንጉሥ ለዚያ ንጉሠ ነገሥት ይገብር ነበር» የምትል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ደራሲው እሷን ይጽፍና ገባሩን አገር በጌታው ቀለም ቅባልኝ ይላል። እኔ ደግሞ እምቢ እላለሁ። አስቀድሞ የሚመልስልኝ ጥያቄ አለ።

ጥያቄዎቹን እዚህ አሰፍራቸዋለሁ። ካርታ ለማይስልም ይሠራሉ። ታሪክ የምታነቡ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ተነሥቶ «ያ አገር ድሮ የእኛ ነበር» ሲላችሁ መልስ የምታጡ ከሆነ፣ ጉዳዩ ያው ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባይከፍል ምን ይደርስበታል?

ከፈለ ማለት ተገዛ ማለት አይደለም። አሜሪካ በ1795 ከአልጀርስ ገዥ ጋር ውል ገባች። መርከቦቿ እንዳይዘረፉ በየዓመቱ 21,600 ዶላር የሚያወጣ የመርከብ ዕቃ ልትሰጥ ተስማማች። አሜሪካን በአልጀርስ ቀለም የቀባ ካርታ ግን እስካሁን አላየሁም። የምሥራቁ ሮም መንግሥትም ለሁኖች ንጉሥ ለአቲላ በዓመት 700፣ በኋላ ደግሞ 2,100 ፓውንድ ወርቅ ይከፍል ነበር። ሮማውያን ለአቲላ የጦር አዛዥነት ማዕረግ ሰጡትና ለእሱ የሚላከውን የሹም ቀለብ አስመሰሉት። ጮሌዎች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ከፈለ?» አይደለም። «ባይከፍልስ?» ነው። ባይከፍል የሚዘረፍ ከሆነ የሚከፍለው ለደኅንነቱ ነው፤ በሌላ አነጋገር ሽፍታን ማባበያ ነው። ባይከፍል ከዙፋኑ የሚወርድና በቦታው ሌላ ሰው የሚሾምበት ከሆነ ግን በርግጥ የበላይ ገዥ አለው። ብዙ ክርክር እዚች ላይ ያልቃል።

የማያልቅም አለ። የኦስትሪያው ፈርዲናንድ በ1547 በያዘው የሃንጋሪ ክፍል ምክንያት ለኦቶማን ሱልጣን በዓመት 30,000 ዱካት ሊከፍል ተስማማ። ቪየና ስጦታ ነው አለች፤ ኢስታንቡል ግብር ነው አለች። ሁለቱም ገንዘቡ መድረሱን እንጂ የሌላውን አጠራር ለማስተካከል አልቸኮሉም። በ1606 በዢትቫቶሮክ ውል ነው ነገሩ የተቋጨው። ኦስትሪያ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ 200,000 ፍሎሪን ሰጠችና የዓመቱ ክፍያ ቀረ። እንዲህ ያለውን በሰንጠረዥ ውስጥ ሳስገባ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ነው የምጽፈው። እኔ ዳኛ አይደለሁም።

ሹመቱ ከማን እጅ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ዙፋኑን ይመለከታል። አዲስ ገዥ ሲመጣ ማን ያጸድቀዋል? የሩሲያ መሳፍንት በሞንጎሎች ዘመን ወደ ሞንጎሎቹ ከተማ ወደ ሳራይ እየሄዱ ከገዥያቸው ከካኑ የሹመት ደብዳቤ ይቀበሉ ነበር። ደጅ መጥናት ብቻ ሳይሆን መወዳደርም ነበረበት። በ1327 የትቬር ከተማ በሞንጎሎች ላይ ሲነሣ የሞስኮው ኢቫን ቀዳማዊ ከካኑ ጦር ጋር ሆኖ ትቬርን ቀጣ። በምላሹ የታላቅ መስፍንነቱን ሹመት አገኘ፤ ግብር ሰብሳቢነቱም እየዋለ እያደረ በሞስኮ መሳፍንት እጅ ገባ። ሞስኮ የሰፋችው ገባር ሆና ነው። «ገባር ማለት ደካማ ማለት ነው» ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

ከዚህ ጋር ራጉሳን አነጻጽሩ፤ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ። ለኦቶማን በዓመት 12,500 ዱካት ትከፍል ነበር። መልእክተኞቿ ራሳቸው ናቸው ገንዘቡን ኢስታንቡል የሚያደርሱት። ርዕሰ መንግሥቷን ግን የከተማዋ መኳንንት በየወሩ እየቀያየሩ ይመርጡ ነበር፤ ሱልጣኑ እጁን አያስገባም። ከፍላ በኦቶማን ግዛት እንደልቧ ትነግዳለች። ራጉሳንና ሞስኮን በአንድ «ገባር» በሚል ቃል ጠርቶ ማለፍ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

ከእኛም ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ አለ። የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1880ዎቹ ለምኒልክ ገበሩ። በየዓመቱ ግብራቸውን ላኩ፤ ምኒልክ ሲዘምቱም ጦር አዋጡ። በዚህም ዙፋናቸውንና ቤተ መንግሥታቸውን ይዘው ቆዩ። ጅማ በቀጥታ ከማዕከል የሚሾም አስተዳዳሪ የመጣበት አባ ጅፋር ከሞቱበት ከ1932 ወዲህ ነው። ጎረቤቱ የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን አልገብርም አለ። በ1897 ተሸንፎ ተማረከ፤ የከፋ ንጉሥነትም በእሱ አበቃ። የ1900 ካርታ ላይ ሁለቱን አንድ ዓይነት ቀለም ብትቀቡ ትልቁን ልዩነት ሰረዛችሁት ማለት ነው።

ለውጭ ሰው የሚጽፈው በማን ስም ነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ በ1878 ልቼ ላይ ታረቁ። ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ፤ የንጉሠ ነገሥትነት ስማቸውን ተዉ፤ ግብርና ጦር ለማዋጣት ተስማሙ። ከዚያ ዮሐንስ የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ደፉላቸው። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም።

በ1882 ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ሁለቱም የዮሐንስ ገባሮች ናቸው። ዮሐንስ መጥተው ሁለቱንም ቀጡ፤ ምኒልክ ወሎን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ የዮሐንስን ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴን አገባች። እስከዚህ ድረስ የበላይነቱ ይሠራል። ገባሮች ሲጣሉ የሚዳኝና የሚቀጣ ጌታ አለ።

በ1887 ግን ያው የሸዋ ንጉሥ ከጣልያን ጋር በራሳቸው ስም ውል ተዋዋሉ፤ ነፍጥም ተቀበሉ። ያኔ ጣልያንና ዮሐንስ ተፋጠዋል። ስለዚህ «ምኒልክ የዮሐንስ ገባር ነበሩ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። የ1882ቱ መልስና የ1887ቱ መልስ አንድ አይደሉምና። እኔ በዚህ ጊዜ ሁለት ካርታ ነው የምጠይቀው። ደራሲዎች ገጽ ይበዛል ብለው ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

የሄደውን ብቻ ሳይሆን የተመለሰውንም ቁጠሩ

እጅ መንሻ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። በመዝገብ ውስጥ የሄደውን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግማሹን ነው የምታነቡት።

የኑብያው መቁርያ መንግሥት ከ652 ጀምሮ ከግብፅ የዐረብ ገዥዎች ጋር ባቅጥ የሚባል ስምምነት ነበረው። የዐረብ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኑብያ በየዓመቱ 360 ገደማ ባሪያዎች ትልክ ነበር። ከግብፅ ደግሞ ስንዴና ሌላም እህል፣ ልብስም ይመጣ ነበር። ኑብያ ለረጅም ዘመን ሳትወረር የቆየችው በዚህ ጥላ ሥር ነው። በ836 የኑብያው ልዑል ጊዮርጊስ ሳይላክ ስለቀረው ውዝፍ ጉዳይ እስከ ባግዳድ ተጉዞ ከኸሊፋው ጋር ተደራድሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መላኩ በየሦስት ዓመቱ እንዲሆን ሆነ። ተሸናፊ ግብር የሚጥል ጌታውን አገሩ ድረስ ሄዶ ያስቀንሰዋል? ግብር ነው ከምል የንግድና የሰላም ውል ነው ብል እመርጣለሁ። በርግጥ በሰው ልጅ የተከፈለ ውል ነው፤ ያንን ማለስለስ አይገባም።

ቻይናን ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። የሚንግና የቺንግ ቤተ መንግሥት እጅ መንሻ ለሚያመጡ መልእክተኞች ብዙ ስጦታ ይመልስ ነበር። ከመልእክተኞቹ ጋር ነጋዴ ይመጣል፤ የንግዱ ፈቃድ ራሱ እጅ መንሻው ነው። ስለዚህ ቻይና የምትገድበው ስንት ጊዜ መምጣት እንደሚቻል ነው። ሚንግ ለጃፓን በአሥር ዓመት አንዴ ብቻ ብሎ ወስኖ ነበር። እስቲ አስቡት። ተቀባዩ «አታብዙብኝ» ሲል ከፋዩ «ላብዛ» ሲል ካያችሁ፣ እዚያ ያለው ንግድ ነው።

ሁለቱንም ቤተ መንግሥት ስሙ

ሕዝቅያስ ለአሦር ንጉሥ ለሰናክሬም የከፈለውን መጽሐፍ ቅዱስም የአሦር መዝገብም ጽፈውታል። ዘመኑ 701 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት 30 መክሊት ወርቅና 300 መክሊት ብር ነው። በሰናክሬም ጽሑፍ ወርቁ ያው 30 ነው፤ ብሩ ግን 800 ሆኗል። ሰናክሬም ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በቀፎ ዘጋሁበት ብሎ ይፎክራል። ከተማዋን ያዝኳት ግን አይልም። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገጥመኝ በመጀመሪያ የሚስማሙበትን አወጣለሁ። ወርቁ ተከፍሏል፤ ሕዝቅያስ ከዙፋኑ አልወረደም። ቀጥሎ ፎካሪው ያልፎከረበትን እፈልጋለሁ። ድል አድራጊ ዝም ያለበት ቦታ ብዙ ይናገራል።

አንዳንዴ አንደኛው ወገን ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ይነገረዋል፤ እንዳላየ ይሆናል። በ1793 የእንግሊዙ መልእክተኛ ማካርትኒ ወደ ቻይና ሲጓዝ ጀልባዎቹ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ከእንግሊዝ እጅ መንሻ ያመጣ መልእክተኛ ይል ነበር። ማካርትኒ ያውቃል፤ ዝም ብሎ ሄደ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በግንባር ተደፍቶ በመስገዱ ሥርዓት ላይ ግን አሻፈረኝ አለ። የቻይና መዝገብ ላይ እንግሊዝ ከገባሮች ተርታ ተጻፈች። መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው ለንደንን በቻይና ቢጫ ቀለም ሊቀባት ነው።

ስለ መዝገብ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ቁጥር ስታዩ የምን ቁጥር እንደሆነ አረጋግጡ። አቴንስ ከ454 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ የአጋሮቿን ክፍያ በድንጋይ ላይ አስቀርጻለች። ድንጋዩ ላይ ያለው ግን ጠቅላላው ክፍያ አይደለም። ለአምላኳ ለአቴና የሚለየው ከ60 አንድ እጅ ነው። እውነተኛውን መጠን ለማግኘት በ60 ማባዛት አለባችሁ።

በትሕትና ቃል አትሸነፉ

በ1887 ግብፅ ውስጥ ተል ኤል ዓማርና ላይ የሸክላ ደብዳቤዎች ተገኙ። 350 ገደማ ናቸው። የባቢሎን ንጉሥ ለፈርዖን ሲጽፍ «ወንድሜ» ይላል። የከነዓን ከተሞች ገዥዎች ግን ሰባት ጊዜና ሰባት ጊዜ ከእግርህ ሥር እወድቃለሁ ብለው ነው የሚጀምሩት። አጠራሩ ደረጃን ያሳያል፤ እስከዚያ ድረስ ጠቃሚ ነው።

ታዛዥነትን ግን አያሳይም። በሶርያ በኩል ያለችው የአሙሩ ገዥ አብዲ አሺርታ እንዲሁ እየተዋደቀ የፈርዖን ባሪያ ነኝ ይላል፤ በጎን የፈርዖንን ሌሎች ገባሮች ከተማ ይነጥቃል። በዛሬዋ ሊባኖስ ያለችው የቢብሎስ ገዥ ሪብ ሀዳ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየላከ ጦር ላኩልኝ፣ አለቅሁ ይላል። በቂ ጦር አልመጣለትም። የአብዲ አሺርታ ልጅ አዚሩ ጭራሽ ወደ ፈርዖን ተቀናቃኞች ወደ ኬጢያውያን ከዳ። ታማኙ ተጥሎ ቀረ፣ ከዳተኛው ቤት ሠራ። ስለዚህ ደብዳቤ ባነበባችሁ ቁጥር ቀጥሎ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ጌታው ገባሩ ሲወጋ ደረሰለት ወይ? የማይደርስ ጌታ ስሙ ብቻ ነው ያለው።

በሁለት ቢላዋ የሚበላው

የእኔን ሥራ ከሁሉ የሚያከብደው ይህ ነው፤ ስለምወደውም ትንሽ ልቆይበት።

የሪዩኪዩ ንጉሥ፣ የዛሬው ኦኪናዋ ማለት ነው፣ ከ1372 ጀምሮ ለቻይና ይገብር ነበር። በ1609 የጃፓን ሳትሱማ ግዛት ጦር ወረረውና ንጉሡን ማርኮ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ሪዩኪዩ ለሳትሱማም መገበር ጀመረ። ሳትሱማ ግን ቻይና እንዳታውቅ ፈለገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቻይና ካወቀች የእጅ መንሻው ንግድ ይቆማል፤ የንግዱን ትርፍ ደግሞ ሳትሱማ ይካፈለዋል። ስለዚህ የቻይና መልእክተኞች ሲመጡ ጃፓናውያኑ ከዓይን ይሰወራሉ፤ የጃፓን ነገር ሁሉ ይደበቃል። ይህ ድራማ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1879 ጃፓን ንጉሡን አውርዳ ኦኪናዋ የሚባል ክፍለ ሀገር አደረገችው፤ ቻይና ተቃወመች፤ አልሆነላትም።

በካርታ ላይ ለዚህ ያለኝ ዘዴ አንድ ነው። በሁለቱ ጌቶች ቀለም ሰያፍ መስመር እያፈራረቅሁ አሰምራለሁ። ካምቦዲያም በ19ኛው መቶ ዓመት እንዲሁ ናት፤ ለሲያምም ለቬትናምም ትገብር ነበር። ሰያፍ መስመር ያለ ማብራሪያ ከታተመ ግን አንባቢ «የሚጣሉበት መሬት» ብሎ ይረዳዋል። ብዙ ጊዜ ጠብ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል።

የሚፈርስበት መንገድም አለ፤ ከዳህ ትመስክር። ይህች የማላይ ሱልጣናዊ ግዛት በየሦስት ዓመቱ ከወርቅና ከብር የተሠራ ዛፍ ለሲያም ትልክ ነበር። ሱልጣኑ ከሲያም የሚያስጥለኝ አገኘሁ ብሎ በ1786 ፒናንግ ደሴትን ለእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰጠ። ኩባንያው ደሴቷን ወሰደ። ከለላውን ግን አልሰጠም፤ በ1791 የተፈራረሙት ውል በዓመት 6,000 የስፔን ዶላር ይከፈለው ይላል እንጂ ስለ መከላከል ምንም አይልም። በ1821 ሲያም ከዳህን ስትወርር ኩባንያው ቆሞ አየ። ከውል ውስጥ የሌለውን ነገር መፈለግ ልመዱ፤ ብዙ ጊዜ ገባሩን የሚጥለው እሱ ነው።

የቀረው ስም መቼ ይሞታል?

ስም ከሥልጣን ይልቅ ዕድሜ አለው። ውጫሌን ሁሉም ስለሚያውቀው በደቡብ አፍሪካ የነበረውን ትራንስቫልን ልንገራችሁ። እንግሊዝ በ1881 የፕሪቶሪያ ውል ለቦዌሮቹ፣ ማለትም በአብዛኛው ከደች ሰፋሪዎች ለተወለዱት የአገሩ ነጮች፣ ራሳቸውን እንዲገዙ ፈቀደች፤ የበላይነቷን ግን በውሉ መግቢያ ላይ አስጻፈች። በ1884 የለንደን ውል ስለ በላይነት የሚናገረው መግቢያ የለም። ቀረ ማለት ነው? ቦዌሮቹ አዎ አሉ። የእንግሊዙ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ቼምበርለን በ1897 አልቀረም፣ ያ መግቢያ ዛሬም ይሠራል ብሎ ተነሣ። በ1899 ጦርነት ሆነ። በትራንስቫል ወርቅ ባይኖር ኖሮ ስለ አንድ መግቢያ ማንም አይከራከርም ነበር የሚል ግምት አለኝ።

ቆጵሮስ ደግሞ ታስቃለች፤ ለከፋዮቹ ግን አታስቅም። በ1878 እንግሊዝ አስተዳደሯን ወሰደች፣ የበላይነቱ የሱልጣኑ ሆኖ ቀረ። የደሴቲቱ ሰዎች በየዓመቱ 92,799 ፓውንድ የሱልጣን ግብር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ግን ኢስታንቡል አይደርስም። ኦቶማን በ1855 ለተበደረው ዕዳ መክፈያ እየተባለ ወደ አበዳሪዎቹ ይሄዳል። ስለዚህ መዝገብ ላይ «ለሱልጣን» የሚል ስታዩ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ኪስ ድረስ ተከተሉት።

የካርታው ግርጌ ላይ ምን ትጽፋላችሁ?

እኔ ከግርጌ የማስገባት አጭር ማብራሪያ አለኝ። ማን፣ ለማን፣ ምን፣ በስንት ጊዜ፤ ሹመቱን ማን ሰጠ፤ ለውጭ መንግሥት ማን ይጽፋል፤ ከመቼ እስከ መቼ። ለራጉሳ እንዲህ ይሆናል፦ «ለኦቶማን ሱልጣን በዓመት 12,500 ዱካት፤ መሪዎቿን ራሷ ትመርጣለች፤ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በራሷ ትዋዋላለች።» ለጅማ፦ «ለንጉሠ ነገሥቱ ዓመታዊ ግብርና በዘመቻ ጊዜ ጦር፤ የውስጥ አስተዳደሩ የአባ ጅፋር፤ እስከ 1932።» የማይታወቀውን ክፍል ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት።

የመጨረሻውን ዓመት ስትጽፉ ሁለት ዓመት ጻፉ። አንዱ ነገሩ በተግባር የቆመበት ነው፤ ሌላው በወረቀት የቆመበት። ቡልጋሪያ በ1878 በበርሊን ውል ለሱልጣን የምትገብር ራስ ገዝ መስፍናዊ ግዛት ተባለች። ሠራዊቷን ራሷ አደራጀች፤ በ1885 ከሰርቢያ ጋር ተዋግታ አሸነፈች። ነፃ መንግሥት ነኝ ብላ ያወጀችው ግን በ1908 ነው። ኮርያ ደግሞ በ1876 ከጃፓን ጋር በተፈራረመችው ውል ነፃ አገር ተብላ ተጻፈች፤ ለቻይና እጅ መንሻ መላኳን ግን ቀጠለች። በወረቀትም በተግባርም ያበቃው ጃፓን ቻይናን አሸንፋ በ1895 የሺሞኖሴኪ ውል ሲፈረም ነው። ደራሲው አንድ ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው ካለኝ የትኛውን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ በጽሑፍ እንዲልክልኝ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ እቀባለሁ።